ቤት ሲሠራ ጋራው እንዳይራቆት

በመቀሌ ከተማ ከሚገኙት ክፍለ ከተሞች አንዱ ቀዳማይ ወያነ ይባላል። ስሙ በ1935 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣውንና ገበሬው በሰፊው የተካፈለበትን አመፅ የሚያስታውስ ነው። ከዙሪያው ገጠር ወደዚህ ወደ ከተማው ለገበያ የሚወጣ ገበሬ፣ ቤት የጀመረ እንደሆነ፣ እህሉን ወይም ሙክቱን ሸጦ ሲመለስ ከጨውና ከሳሙናው ጋር ቆርቆሮና ሚስማር፣ አንዳንዴም ሲሚንቶ ጭኖ ይሄዳል። ይህ ጭነት አንድ ትልቅ ለውጥ ያመለክታል። ይኸውም የትግራይ ገበሬ ቤት ከአፈር ጣሪያ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያ በመሸጋገር ላይ መሆኑን ነው።

ሽግግሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የአንድ አባወራ ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቤት ከድንጋይ፣ ከእንጨት፣ ከአፈርና ከውሃ የሚሠራ በመሆኑ፣ የአንዱ ቤት አሠራር የመላውን መንደር ጋራና ምንጭ ይነካል። በተለይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በርካታ ቤቶች ስለፈረሱና ስለተጎዱ፣ መልሶ የመሥራቱ ጥድፊያ ከፍተኛ ነው። በዚያው ጊዜ መብራትና ነዳጅ በመቋረጡ ሕዝቡ ለማገዶና ለከሰል ፊቱን ወደ ዛፍ አዙሮ ነበር። ስለዚህ ብዙ ቤት መሠራት ያለበት፣ ጋራው ዕረፍት በሚፈልግበት በዚሁ ወቅት ሆነ። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በየጊዜው የሚቀርብላቸውን የ‹እንጨት እንቁረጥ› ጥያቄ በምን መመዘኛ እንደሚመልሱ አስቀድመው ማሰብ የሚኖርባቸውም ለዚህ ነው።

ሕድሞ ያስተማረውና ያስከፈለው

የትግራይ ደጋ ነባር ቤት ሕድሞ ነው። ግድግዳው ከአካባቢው ድንጋይ በጭቃ ተገንብቶ ወፍራም ይሆናል። ጣሪያው ደግሞ በምሰሶና በወፍራም አግዳሚ እንጨት ላይ ቀጫጭን ርብራብ ተደርድሮ፣ ከላዩ አፈር ተጠቅጥቆ የሚሠራ ጠፍጣፋ ጣሪያ ነው። መደቡም ሆነ የእህል ማስቀመጫው ከጭቃ ይበጃል።

ይህ ቤት ብዙ ጥበብ አለው። ወፍራሙ ድንጋይና አፈር የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ እየጠጣ ሌሊት መልሶ ስለሚሰጥ፣ ቤቱ ቀን ቀዝቀዝ፣ ሌሊት ሞቅ ይላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለሚኖርና የኅዳርና የታኅሣሥን ብርድ ለሚያውቅ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድንጋዩም ከሩቅ አይመጣም። በአገሩ ድንጋይ መገንባት በትግራይ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ፣ ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የየሐ ቤተ መቅደስም ሆነ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በመቀሌ የተሠራው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት ምስክሮች ናቸው።

ሆኖም ሕድሞ ያስከፈለው ዋጋ አለ። ዋጋውም ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢጠቀጠቅ፣ የአፈሩ መጠን 12 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 15 ኩንታል ይመዝናል ቢባል እንኳ፣ በቤተሰቡ አናት ላይ 180 ኩንታል ተሸክሟል ማለት ነው። ዝናብ ጠጥቶ ሲርስ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ይህን የሚሸከመው ደግሞ ቀጭን አጠና ሳይሆን ወፍራም የጽድና የወይራ ግንድ ነው። ጽድና ወይራ ለግንድ እስኪበቁ ረጅም ዘመን የሚፈልጉ ዛፎች ናቸው። አያት የቆረጠውን የልጅ ልጅ ላይተካው ይችላል።

በአንጻሩ ለዚያው ስፋት የሚበቃው ቆርቆሮ በጠቅላላው ሁለት ኩንታል ቢደርስ ነው። ከ180 ኩንታል ጋር ሲነጻጸር፣ ቆርቆሮ በራሱ ውድ ቢሆንም፣ ጋራው ላይ የቀሩትን የአገር ዛፎች ሊያድን እንደሚችል መረዳት አያስቸግርም። ጉዳዩ ግን በዚህ አያበቃም። ቆርቆሮ ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል፣ ነፋስ ያነሣዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሕድሞን በጅምላ መጣል ወይም ቆርቆሮን በጭፍን መውሰድ ሳይሆን፣ ግድግዳውን ከአሮጌው፣ ጣሪያውን ከአዲሱ ወስዶ ሁለቱን በዘዴ ማገናኘት ነው።

ዓለም ቤትን እንዴት ይመዝናል?

ይህ የመመዘን ነገር ዛሬ በዓለም ላይ ትልቅ ሙያ ሆኗል። ቤት መሥራትና በቤት ውስጥ መኖር በዓለም ከኃይል አጠቃቀም ጋር ከተያያዘው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ውስጥ ከአንድ ሦስተኛ የማያንሰውን እንደሚያወጣ ስለታወቀ፣ ልዩ ልዩ አገሮች ‹አረንጓዴ ሕንፃ› የሚሉትን መመዘኛ አውጥተዋል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ አገር የወጣው ብሪያም የተባለው ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካኖች ሊድ የተባለውን መመዘኛ ጀመሩ። በዚህ መመዘኛ አንድ ሕንፃ በነጥብ ይታረማል። ዝቅተኛው ማለፊያ 40 ነጥብ ሲሆን፣ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘው ከፍተኛውን ማዕረግ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን፣ በተለይ ለታዳጊ አገሮች ይስማማል ያለውን ኤጅ የተባለ መመዘኛ አወጣ። ይህኛው አጭር ነው። በአካባቢው ከተለመደው ቤት ጋር ሲወዳደር በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃዎች በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 በመቶ የቆጠበ ሕንፃ ያልፋል።

እነዚህ መመዘኛዎች በይበልጥ ለከተማ ፎቆች የወጡ ናቸው። የገበሬ ቤት ሊመዝን ወደ ገጠር የሚመጣ መርማሪ የለም። በአገራችንም ቢሆን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የታሰበው 10,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ስለነበር፣ የገበሬው ቤት ከዚያ ውጭ ነበር። ይሁን እንጂ የመመዘኛዎቹ ጥያቄዎች ሲፈተሹ ለገበሬው እንግዳ አይደሉም። ቤቱ የት ተሠራ? ዕቃው ከምን ያህል ርቀት መጣ? ስንት ማገዶና ስንት ውሃ ይፈጃል? በውስጡ የሚኖረው ሰው ጭስ ይተነፍሳል ወይስ ንጹሕ አየር? አስተዋይ ግንበኛ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት የሚጠይቃቸው እነዚህኑ ነው።

ከሲሚንቶ ጋር የተያያዘውንም ጥያቄ ማንሣት ይገባል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሌላ ማዕድን ጋር ተደባልቆ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ሙቀት ሲቃጠል ነው። ጋዙ የሚወጣው ከሚነደው ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩም ጭምር ነው። ስለሆነም ከሰው ልጅ ሥራ ከሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ እንደሚመጣ ይገመታል። መቀሌ በአጠገቧ የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካ ስላላት ሲሚንቶው ለአካባቢው ሩቅ አይደለም። ቢሆንም ቅርብ ስለሆነ ብቻ በሁሉም ቦታ መጠቀም ለኪስም ለአየርም ጉዳት ነው። ጭቃ የሚበቃበት ቦታ ጭቃ፣ ሲሚንቶ ግድ የሆነበት ቦታ ሲሚንቶ ማድረግ ይሻላል።

ከግብፅና ከቡርኪና ፋሶ የተገኘ ትምህርት

የእንጨት እጥረት የትግራይ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ሐሰን ፋትሂ የተባለው ግብፃዊ አርክቴክት በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለ የገበሬዎች መንደር በጭቃ ጡብ መሥራት ጀምሮ ነበር። እንጨትና ብረት ውድ በመሆናቸው፣ ከአስዋን በኩል የኑቢያ ግንበኞችን አስመጥቶ ያለ አንዳች እንጨት በጡብ ብቻ የሚቆለመም ጣሪያ አሠራ። የግንባታው ጥበብ ተሳካ። መንደሩ ግን እንደታሰበው አልሞላም። ኑሯቸው በጥንቱ መቃብር አካባቢ የተመሠረተው የቀድሞው ጉርና ነዋሪዎች ወደ አዲሱ መንደር ለመዛወር አልፈለጉም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ባለቤቱ ያልመከረበት ቤት ባዶውን ይቀራል።

ሁለተኛው ትምህርት ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ነው። ፍራንሲስ ኬሬ በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በተባለች መንደር ተወልዶ፣ በጀርመን አገር አናጢነትና አርክቴክቸር ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለመንደሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠራ። ሸክላውን አፈር ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ቀይጦ ጡብ ያመረተው የመንደሩ ሕዝብ ራሱ ነው። ለእኛ ገበሬዎች ልዩ ትኩረት የሚገባው ግን የጣሪያው አሠራር ነው። ቆርቆሮው በግድግዳው ላይ በቀጥታ አልተከደነም። በመጀመሪያ ከጡብ የተሠራ ኮርኒስ አለ። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ በብረት ማዋቀሪያ ላይ ስለተቀመጠ፣ በመካከላቸው ነፋስ እያለፈ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማት አገኘ። ኬሬ ራሱም እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን የሙያው ከፍተኛ ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ሽልማቱን ያስገኘው መስታወት ሳይሆን አፈርና ዘዴ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በአገራችንም ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጓል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት በስዊዘርላንድ ከሚገኘው የዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ፣ አንድ ባለ ሁለት ደርብ ቤት በአፈር ሠርቶ አሳይቷል። ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈርና በመጫኛ የተመረተ የአፈር ጡብ ሲሆን፣ ጣሪያውም ያለ እንጨት በቀጫጭን የአፈር ጡብ የተቆለመመ ነበር። ሙከራው አፈር ደርብ ለመሸከም እንደማያንስ አረጋግጧል።

ለገበሬው ቤት አምስት መመዘኛዎች

ከላይ ከተጠቀሱት ተሞክሮዎች ተነሥቶ፣ በመቀሌ ዙሪያና በተመሳሳይ ደጋ ላይ የሚሠራ ቤት በሚከተሉት አምስት ነጥቦች ሊመዘን ይችላል።

1ኛ/ ቦታው። ቤቱ ከእርሻ መሬትና ከጎርፍ መውረጃ ርቆ፣ ድንጋያማና ጠንካራ መሬት ላይ መሆን አለበት። በትግራይ ኬክሮስ በበጋው ወራት የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ መስኮቱ ወደ ደቡብ የተከፈተ ቤት በብርዱ ወቅት የፀሐይን ሙቀት በነፃ ያገኛል። በርና መስኮት ነፋስ በሚበረታበት ወገን ባይሆኑ ይመረጣል።

2ኛ/ ግድግዳው። በአካባቢው የኖራ ድንጋይና ጥቁር ድንጋይ እያለ ብሎኬት ከከተማ ማጓጓዝ አያስፈልግም። በጭቃ የሚገነባ ግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ቢኖረው፣ ጭቃውም በጭድ ታሽቶ ጥቂት ቀን ቢቆይ ይጠነክራል። ከውጭ እስከ ውስጥ የሚያልፍ ማሰሪያ ድንጋይ በየደረጃው ካልገባ ግድግዳው ለሁለት ተሰንጥቆ ሊከፈት ይችላል። የትግራይ ደጋ በአፋር ዝቅተኛ ቦታ አፋፍ ላይ ስለሚገኝ የመሬት መንቀጥቀጥ የማያውቀው አገር አይደለም። ማሰሪያ ድንጋይና ግድግዳውን በዙሪያው የሚያስር እንጨት ወይም ፌሮ የሕይወት ጉዳይ ናቸው። ሲሚንቶው ለዚህ ማሰሪያና በውጭ በኩል መጋጠሚያውን ለመምረግ ቢውል በቂ ነው።

3ኛ/ ጣሪያው። ወራጁና ማገሩ ከአገር በቀል ዛፍ ሳይሆን ተተክሎ ከደረሰ የባሕር ዛፍ አጠና ይሁን። አጠናው ተልጦና በጥላ ሥር ደርቆ ካልተሠራበት ይጣመማል፣ ምስጥም ይደፍረዋል። ቆርቆሮው በነፋስ እንዳይነሣ ከግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ በወጣ ሽቦ ወራጁን ማሰር ያስፈልጋል። ከሥሩ ኮርኒስ ማድረግ የግድ ነው። ኮርኒሱ ከአቡጀዲ፣ ከጆንያ ወይም ከሸምበቆ ቢሆን፣ በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል በሁለቱ ጫፍ ነፋስ ማሳለፊያ ቢተው፣ የጋንዶው ትምህርት ቤት ዘዴ በጥቂት ወጪ ተሠራበት ማለት ነው። የክዳኑ ጠርዝም ከግድግዳው ወጣ ቢል ዝናብ ጭቃውን አያጥበውም።

4ኛ/ ውሃው። የአፈር ጣሪያ የማይሰጠውን ቆርቆሮ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ አገር 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ 20,000 ሊትር ይቀበላል። አንድ አምስተኛው ባክኖ ይቀራል ቢባል እንኳ 16,000 ሊትር ወይም 800 ጄሪካን ይገኛል። ከዚህ ውስጥ 4,000 ሊትር ብቻ የሚይዝ ገንዳ ቢሠራ፣ መስከረም ሲጠባ የሞላው ውሃ በቀን ሁለት ጄሪካን እየተቀዳ 100 ቀን፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይዘልቃል። ለመቶ ቀን ከምንጭ እየቀዱ ከመሸከም የሚያርፈው የእናቶችና የልጃገረዶች ጀርባ ነው። አሸንዳ ሳይሰቀልለት የሚከደን ቆርቆሮ ግማሽ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ እንዲወርድ ወደ ውጭ ማፍሰስ፣ ገንዳውንም መክደን እንደሚያስፈልግ መዘንጋት የለበትም።

5ኛ/ ምድጃው። ቤቱ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ እሳቱ ግን በየቀኑ ይነዳል። በዓመታት ውስጥ ከጣሪያው ይልቅ ብዙ እንጨት የሚበላው ሦስት ጉልቻ ነው። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ማድ ቤቱ ከመኝታው ተለይቶ የጭስ መውጫ ቢኖረው ደግሞ የሕፃናትና የእናቶች ጤና ይጠበቃል።

የማኅበሩ ድርሻ

ከአምስቱ ነጥቦች አብዛኛዎቹን አባወራው ራሱ ሊፈጽማቸው ይችላል። ያለ ማኅበሩ ውሳኔ የማይሆኑም አሉ።

የመጀመሪያው የእንጨቱ ጉዳይ ነው። የትግራይ ገበሬዎች በነፃ ጉልበታቸው እርከን ሠርተው፣ ጋራ ከልለውና ችግኝ ተክለው ያስገኙት ውጤት ዓለም የመሰከረለት ነው። በክልተ አውላዕሎ የምትገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን አግኝታለች። የትግራይ ክልልም በረሃማነትን በመዋጋት ረገድ ላሳየው ፖሊሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የወርቅ ሽልማት ተሰጥቶታል። ይህን ያህል የተደከመበትን ጋራ ለጥቂት ጣሪያዎች ማፍረስ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ማኅበሩ በየዓመቱ ስንት ቤት እንደሚሠራ ቆጥሮ፣ ለዚያ የሚበቃ አጠና የሚገኝበትን የተለየ የዛፍ ቦታ መመደብ ይኖርበታል። ባሕር ዛፍ ከእርሻና ከምንጭ አጠገብ ከተተከለ ውሃና አፈር እንደሚሻማ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 የክልሉ አስተዳደር በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል ከልክሎ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቦታው ለሌላ የማይሆን ኮረብታ ወይም ቦረቦር ዳር ቢሆን ይመረጣል። አጠና ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ የመጪዎቹ ቤቶች ጣሪያ ዛሬ መተከል አለበት።

ሁለተኛው የካባው ጉዳይ ነው። ድንጋይና አፈር እያንዳንዱ ሰው ባገኘው ቦታ ከቆፈረ ጋራው ይቦረቦራል። ጉድጓዱም ለከብትና ለሕፃናት አደጋ ይሆናል። አንድ ካባ ተወስኖ፣ ከላይ የሚነሣው ለም አፈር በጎን ተቆልሎ፣ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ እንዲለብስ ማድረግ ማኅበሩን ብዙ አያስወጣውም።

ሦስተኛው የሙያው ጉዳይ ነው። በየመንደሩ ድንጋይ የሚጠርቡና ማሰሪያ የሚያውቁ ሽማግሌ ግንበኞች አሉ። ወጣቶችን ከእነርሱ ጋር ማሠልጠን፣ አሸንዳና ገንዳ የሚሠራ አንድ ሁለት ሰውም ከተማ ልኮ ማስተማር ያስፈልጋል። ቆርቆሮ፣ ሚስማርና አሸንዳም በየግል ከሚገዛ በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል በአንድነት ቢገዛ ዋጋውም ማጓጓዣውም ይቀንሳል። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ አንድ የማሳያ ቤት፣ ለምሳሌ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወይም የእህል መጋዘን፣ በአምስቱ ነጥቦች መሠረት ተሠርቶ ቢታይ፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ያስተምራል። በአዲስ ጉርና እንደሆነው ሁሉ፣ ሰው ያላመነበትን ቤት በውሳኔ ብቻ ማሠራት ውጤት አይኖረውም።

በአገራችን ልማድ ‹ቤት ለእምቦሳ› ሲባል ‹እምቦሳ እሰሩ› ተብሎ ይመለሳል። እምቦሳ የሚታሰረው ግን ሣር ያለው ጋራና ያልደረቀ ምንጭ ሲኖር ነው። ከቀዳማይ ወያነ ገበያ ቆርቆሮ ጭኖ የሚመለሰው ገበሬ መንደሩ ሲደርስ የሚጠብቀው ይህ ጋራ እንዲሆን፣ የማኅበሩ መሪ ቆርቆሮው ከመከደኑ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። ወራጁ ከየት ተቆረጠ? አሸንዳውስ የታለ?